የወረቀት ወንድም

እኔ በአንድ ቃል ሰው ከእንግሊዝ ማስባረር እችላለሁ። ጋሼ ወንድይራድም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ለዚህ ነው አሁን አፌን በመዳፉ ግጥም አድርጎ የያዘው።

መዳፉ ቤንዚን ይሸታል። ጀርባዬ ከፍሪጁ ጋር ተጣብቋል። የአባዬ ሶሊሲተር፣ ፈረንጁ ጠበቃ፣ ከሶፋው ብድግ ብሎ ቦርሳውን ደረቱ ላይ እንደ ጋሻ ይዟል። "ምን እየሆነ ነው?" ይላል በእንግሊዝኛው። አማርኛ አንዲት ቃል አይሰማም፤ የጋሼ ወንድይራድ ዕድል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ሲሞት የተወው ልብሱንና በሚኒካብ ታክሲነት የሚሠራባትን ኮሮላ ብቻ ነው። የምንኖርበት ፍላት የካውንስል፣ የቀበሌ ቤት እንደማለት ነው። የሌላ ሰው አባት ቢሆን የንስሐ አባቱንና ሽማግሌዎችን ጠርቶ ይናዘዝ ነበር። አባዬ ግን እዚህ ለንደን፣ የቶተንሃም የሐበሻ ሽማግሌ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አበጥሮ ስለሚያውቅ ፈራ። ታናሽ ወንድሙን ጋሼ ወንድይራድን ከአዲስ አበባ ያስመጣው ወረቀት ላይ "ልጄ ነው" ብሎ ነዋ! ስለዚህ ይህን ዘር የማይቆጥር ፈረንጅ ፈልጎ የኑዛዜው አስፈጻሚ አደረገው። እኔም፣ እናቴ ስትወልደኝ የሞተችብኝ፣ በሁለቱ እጅ ያደግኩ፣ አጎቴን ቤት ውስጥ "ጋሼ"፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት "ወንድሜ" እያልኩ እዚህ ደረስኩ።

ዛሬ ሶሊሲተሩ መጥቶ ኑዛዜውን አነበበልን። ለእኔና ለጋሼ ወንድይራድ፣ እኩል። "መኪና ለሁለት አይቆረስም" አለ። "ካልተስማማችሁ ሸጬ አካፍላችኋለሁ።"

"ትሸጥ" አለ ጋሼ ወንድይራድ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ይደፋ እንደሚል ሰው።

የሾፌሩ ወንበር ላይ የአባዬ ጀርባ ቅርጽ እስካሁን አለ። አሥራ ሰባት ሲሞላኝ እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው መንዳት የምማረው። "ከሸጥካት እነግረዋለሁ" አልኩት በአማርኛ። ሳቀ። ሳቁ ነው ያበገነኝ። ወደ ሶሊሲተሩ ዞሬ በእንግሊዝኛ፣ "አንድ የማታውቀው ነገር አለ፤ ይሄ ሰውዬ..." ስል መዳፉ መጣ።

እነክሰዋለሁ። ጥርሴ አጥንት እስኪያገኝ። አፌ ደም ደም ይላል፤ የእሱ ይሁን የእኔ እንጃ። ይጮኻል፣ ግን አይለቅም። በሌላኛው እጁ ፀጉሬን ጠቅልሎ ጭንቅላቴን ከፍሪጁ ጋር ያጋጨዋል። ይደግማል። ዓይኔ ላይ ነጭ ነገር ቦግ ይላል።

"አንቺ የውሻ ልጅ! ልታስጨርሺኝ ነው?"

የውሻ ልጅ ካለኝ የሰደበው ወንድሙን ነው፤ አፌ ቢከፈት ይህን እነግረው ነበር። በጉልበቴ ሆዱን እለዋለሁ። ተያይዘን የሻይ ጠረጴዛው ላይ እንወድቃለን፤ መስታወቱ ከሥራችን ይረግፋል። እጄ የሚያገኘው የአባዬን ቴርሞስ ነው፣ ያንን ከባዱን የብረቱን። ባለ በሌለ ኃይሌ ግንባሩን እመታዋለሁ። ቅንድቡ ይተረተራል፤ ደሙ አገጩ ድረስ ይወርዳል። ቴርሞሱን ደግሜ አነሳለሁ። ማቆም አላማረኝም።

"ፖሊስ እጠራለሁ!" ይላል ሶሊሲተሩ። ስልኩን አውጥቷል።

ጋሼ ወንድይራድ ፖሊስ የሚለውን ሲሰማ እጁ ይረግብና ይለቀኛል።

"ይሄ ሰው ምንሽ ነው?" ሶሊሲተሩ እኔን ነው የሚያየው።

አፌ ተለቋል። ጋሼ ወንድይራድ ስብርባሪው ላይ ተንበርክኳል፤ ቀና ብሎ አያየኝም።

"ንገሪው በቃ" ይለኛል በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። "ደክሞኛል። ሐኪም ቤት የአባትሽን ዓይን ስከድን እንኳ ነርሶቹ ይሰማሉ ብዬ 'ወንድሜን' ብዬ አላለቀስኩም።"

ቴርሞሱ እጄ ላይ ይከብደኛል። መሬት አስቀምጠዋለሁ።

"ወንድሜ ነው" እላለሁ።

ሶሊሲተሩ ሁለታችንን ያየናል። ከዚያ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። "እህትና ወንድም" ይላል ለራሱ፣ ሁሉም ነገር እንደገባው።

ወይ እኔ! ንግሥት ነኝ እኮ! ሰው ምሬያለሁ። ከንፈሬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ "አየህ አይደል? ኮሮላዋ የእኔ ናት" እለዋለሁ ጋሼን። ቅንድቡን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ይህ አይበቃኝም፤ የዋልኩለት ውለታ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን በጆሮው ይስማ ብዬ ወደ ሶሊሲተሩ እዞራለሁ።

"ለማወቅ ያህል ነው፣ ወንድሜ ባይሆን ኖሮ ድርሻው ለእኔ ነበር፣ አይደል?"

ጋሼ ወንድይራድ ከስብርባሪው ላይ ቀና ይላል።

ሶሊሲተሩ ከሱሪው ላይ መስታወት እያራገፈ ነው። ቀና እንኳ አይልም።

"አይደለም። አባትሽ ስማችሁን ነው የጻፈው፣ ዝምድና አልጠቀሰም። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ቢሆንም ግማሹ የእሱ ነው።"

ጋሼ ወንድይራድ የተነከሰ መዳፉን ገልብጦ ያየዋል፤ ከዚያ እኔን።

"በባዶ ሜዳ ነዋ የነከስሽኝ!"