የቀመሪያ ቀኝ እጅ

ቀመሪያ ቀኝ እጇን ስታነሳ መምህሩ ክው አለ። ከኋላ የተቀመጡት የትምህርት ቢሮ ኢንስፔክተር ላፍቶ ድረስ የመጡት፣ ተማሪዎች በአዲሱ ዘዴ፣ በእንግሊዝኛ ራሳቸው እየጠየቁ ሲማሩ ለማየት ነበር። መምህሩ ግን ጥያቄዎቹን ለስድስት ልጆች ቀድሞ አስጠንቷል። የቀሩት፣ ክፍሉ ንቁ እንዲመስል፣ ግራ እጃቸውን እንዲያነሱ ነግሯቸዋል፤ ግራ እጅ ማለት "ቲቸር፣ እኔን አይጥሩኝ" ማለት ነው። ቀመሪያ ከስድስቱ አልነበረችም።

መምህሩ ተማሪዎቹ ስለ እሱ እንዲጠይቁ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን የዛገ ጓጉንቸር ትኩር ብላ ታየው ነበር። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ብትሳሳትስ? ዐይኑን አሽሽቶ አጠገቧ የተቀመጠውን ሕዝቅኤልን ጠራ፤ ልጁም ያጠናውን ሳያዛንፍ ተወጣው። እሷ ክንዷ ሲዝል በግራዋ ደገፈችው እንጂ እስኪደወል አላወረደችውም።

ኢንስፔክተሩ "ግሩም ነው" ብለው ጨብጠውት ወጡ። መምህሩ ወደ ቀመሪያ ዞረ።

"እስቲ አሁን ጠይቂ። ምን ልትዪ ነበር?"

ጓጉንቸሩን አየች፤ ከዚያ እሱን። ቀስ ብላ ግራ እጇን አነሳች።