የምትንገራገጨው ፒክአፕ

ሚስቱ ባለፈው ወር የገዛቻት ፒክአፕ ነዳጅ ቀስ ተደርጎ ሲሰጣት ትንገራገጫለች። ሚስቱ ያሬድ የሚባል መካኒክ ጋ ትመላለሳለች፤ መኪናዋ ግን አልተሻላትም። ያሬድ ደግሞ ሸበላ ነው፣ አላገባም። ዛሬ ባልየው ሳያማክራት ቁልፉን አንስቶ አብሮ አደጉ ምንዳዬ ጋራዥ ሄደ።

"ይቺን ደግሞ መቼ ገዛችሁ?" አለ ምንዳዬ፣ ገብቶ አጠገቡ እየተቀመጠ። "እስቲ ንዳት።"

ቀስ ብሎ ሲረግጥ ተንገራገጨች። ጠበቅ ሲያደርግ ቀጥ ብላ ሄደች።

"ካንዴላ ነው" አለ ምንዳዬ። "ቀላል ነው።"

"ታዲያ ቀላል ከሆነ ያ ሰውዬ ምን ያመላልሳታል?" ስለ ያሬድ በሆዱ የያዘውን ሁሉ ዘረገፈለት።

"ተው እንጂ" አለው ምንዳዬ ትከሻውን ይዞ። "ሚስትህን አታውቃትም እንዴ? ሰው በከንቱ አትጠርጥር።"

ቀለል አለው። ተመልሰው ጋራዡ ደጃፍ ቆሙ። በምንዳዬ በኩል ያለው በር ከውስጥ ለማያውቀው ሰው እምቢ ይላል፤ ባልየው ራሱ የለመደው በስንት መከራ ነው። አከፋፈቱን ሊያሳየው እጁን ዘረጋ።

ምንዳዬ ቀድሞት እጀታውን ወደ ላይ ሳበ፣ የበሩን ታች በጉልበቱ መታ አደረገና ወረደ።