ወደ ጉደር ያልሄደው አጀብ

ለንሳ የቬሎዋን ጫፍ በሁለት እጇ ሰብስባ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወጣችና በአበባ ያሸበረቀችውን ነጭ ኮሮላ አልፋ የአስፋልቱን ዳር ያዘች። ሙሽራው ኢብሳ ክራቫቱን እያላላ ተከተላት። የተደረደሩት ሰባት መኪኖች ሞተራቸውን አስነስተው፣ ፍሬቻቸውን እያበሩ፣ ወደ ጉደር ለመውረድ የሚጠብቁት የሙሽሪትን መግባት ብቻ ነበር።

"ማል ታቴ፣ ኢንተለ ኮ? ምን ሆነሻል፣ ልጄ?" አሉ አባቷ ኦቦ ፈዬራ ከመሪዋ ኮሮላ መስኮት ብቅ ብለው። "መኪናው እኮ እዚህ ነው!"

"አይቼዋለሁ፣ አባባ። በእግሬ ነው ብዬዎታለሁ።"

ብላቸው ነበር፤ ያውም አንድ ወር ሙሉ። ቀልድ ነው ብለው የተዉት እሳቸው ናቸው። ነገሩ የተጀመረው ኬሚስትሪ የምታስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከሁለት ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ ስታስረዳ፣ ምሳሌ እንዲሆናት የሠርግ አጀብ ሰሌዳ ላይ አወጣች፤ ሰባት መኪና፣ ከአምቦ ጉደር ደርሶ መልስ፣ ያውም ፏፏቴ አጠገብ ፎቶ ለመነሳት። ተማሪዎቹ አስልተው ሲጨርሱ ከኋላ አንዷ "የቲቸር ሠርግስ?" አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ለንሳ ግን አልሳቀችም። "የእኔ በእግር ነው" አለች። ድንኳኑ የተተከለበት የአባቷ ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው።

ኦቦ ፈዬራም የዋዛ ሰው አይደሉም። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ በእልህ የረታቸው ሰው የለም። ማርሹን አንደኛ ላይ አድርገው ልጃቸውን እግር በእግር ይከተሏት ጀመር። ስድስቱ መኪኖችም ከኋላቸው የመንገዱን ዳር ይዘው ተጎተቱ፤ ክላክሱ ከተማውን አናጋው።

አምቦ ደግሞ በእግሯ የምትሄድ ሙሽራ አይታ ስለማታውቅ ሰው ሁሉ ለእርዳታ ተሯሯጠ። አንዱ ባጃጅ "ሙሽሪት፣ ግቢ! በነፃ ነው!" ብሎ ቆመ። ሌላው ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ ደረሰላት። እያመሰገነች ስትመልሳቸው ከአጀቡ ጭራ እየተቀጠሉ እነሱም ክላክሱን ያስጮኹት ጀመር። ለንሳ ዞር ብላ ብትቆጥር ሰባት የነበረው አሥራ ሦስት ደርሷል፤ ሁሉም በአንደኛ ማርሽ እያጓራ ነው። ደሟ ፈላ። ጭሱን ልቀንስ ብላ ጭራሽ አበዛችው!

ተመልሳ ኮሮላዋ ፊት ተገትራ ቆመች። ሁለት እጇን የጋለው ኮፈን ላይ አሳረፈች።

"ያጥፉት፣ አባባ።"

"ከኋላዬ ያሉትን ታያቸዋለሽ?" አሉ ኦቦ ፈዬራ አንገታቸውን አውጥተው። "ልጅ ሲድሩ ሁሉ ነድቼላቸዋለሁ። ዛሬ ሊመልሱልኝ ነው የመጡት። ኩምሳ ከጊንጪ የመጣው ማደያ ላይ ሁለት ቀን ተሰልፎ ቀድቶ ነው። ምን ፊት ይዤ ነው አጥፋ የምለው?"

"እኔስ? ተማሪዎቼ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ። ምን ፊት ይዤ ነው ክፍል የምገባው?" እጇን ከኮፈኑ አላነሳችም። "ከፈለጉ ድጠውኝ ይለፉ። አልገባም።"

አባትና ልጅ በመስታወቱ ተፋጠጡ። ለንሳ ፈርታለች። እኚህን ሰው በሠርጓ ቀን፣ በገዛ ከተማቸው ማሳፈር አስባው አታውቅም። ዛሬ እንግዶቻቸው መሃል አንገታቸውን ደፍተው ቢውሉ ጥፋቱ የእሷ ነው።

ኦቦ ፈዬራ ቁልፉን አዞሩት። የሠርግ አጀብ ሕግ አለው፤ መሪውን ማንም አይቀድምም፣ መሪው ያደረገውን ሁሉም ያደርጋል። ኩምሳም አጠፋ፤ ከኩምሳ ኋላ ያለውም አጠፋ። ባጃጆቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ።

ክፉው ነገር የመጣው ያኔ ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ከመቀመጫው ሥር በሃይላንድ ላስቲክ የተሞላ ቤንዚን አውጥቶ እየሮጠ ደረሰ። "ኦቦ ፈዬራ፣ አለቀብዎ? ይኸው፣ ለሙሽሪት ይሁን።"

ሰውየው ከልቡ ነው ያዘነላቸው፤ ያቃጠላቸውም ይኸው ነው። በዙሪያው ያለ ሁሉ ሰማ። እንግዲህ ኦቦ ፈዬራ ለልጃቸው ሠርግ ነዳጅ አጥተው መንገድ ቀሩ ሊባል ነው። እጃቸው ወደ ቁልፉ ሲመለስ ለንሳ አየችና ዓይኗን ጨፈነች።

የመኪና በር ሲከፈት ሰማች።

"ነዳጅ ሙሉ ነው!" ብለው ጮኹ ኦቦ ፈዬራ። "ልጄ ናት የከለከለችኝ!"

ስሞታ ነበር። ለአምቦ ሕዝብ ልጃቸውን ከሰሷት። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው፣ ኢብሳ በቀኟ እሳቸው በግራዋ ሆነው መራመድ ጀመሩ። ኩምሳ ትልቅ ቦርጩን ይዞ ወረደ፤ የቀሩትም ወረዱ፤ በተርታቸው ተከተሉ። ኦቦ ፈዬራን የቀደመ የለም።

ባለሱቋ ወርቅቱ ከደጇ ሆና "ኦቦ ፈዬራ፣ ምነው? ነዳጅ ጠፋ እንዴ?" አለች።

"ሙሉ ነው! ልጄ ናት የከለከለችኝ!"

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሎ ያንኑ ጠየቀ። ለእሱም ያንኑ መለሱለት፤ ለንሳ ግን በዚህኛው ድምፃቸው ከፍ፣ ደረታቸውም ነፋ ማለቱን አስተዋለች። ክንዳቸውን ያዘች።

ከድልድዩ ማዶ፣ አጥር ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ብድግ ብለው መረቋቸው። ስለ መኪና ያነሳ የለም። ኦቦ ፈዬራ ቆሙ፤ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ እያዩ ትንሽ ጠበቁ። የጠየቃቸው የለም።

"ልጄ ናት" አሉ፤ "የከለከለችኝ።"