እስከ ሐሙስ

አስተርጓሚው በጉባኤው አዳራሽ ጥግ ባለው የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አራት ቀን ሙሉ የሰው አፍ ሆነ። በሙያው ደንብ ተናጋሪው «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ይላል፤ ተናጋሪው ከተቆጣ ይቆጣል፣ ደስ ካለው ደስ ይለዋል። የአሥራ ሁለት አገር መልእክተኞች ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ጦርነት ሸሽቶ የሚፈልሰውን ሕዝብ እንዴት እንደሚቀበሉ ሲመክሩ፣ «ድንኳን አቀርባለሁ»፣ «ውሃ አስገባለሁ» እያለ በሁሉም ስም ቃል ገባ።

ቃሉ ከራሱ አፍ ስለወጣ ይሆናል፣ አመነው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ታላቅ እህቱ አስካለች ከማዶ ደወለችለት።

«ልጆቹን ይዤ ዛሬ ድልድዩን ልሻገር ነው» አለችው።

«እታለም፣ እስከ ሐሙስ ታገሺ። አሁን ብትመጪ ሜዳ ላይ ነው የምትወድቂው። ሐሙስ ይፈርማሉ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይመጣል።»

«አንተ ካልክማ እሺ» አለች።

ረቡዕ ሲደውል ስልኳ ዝግ ነበር። ሐሙስ ጠዋትም ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሊፈራረሙ ብዕር እንዳነሡ ለሰብሳቢው አንድ ቁራጭ ወረቀት ደረሳቸው። አነበቡትና ፊታቸው ፈካ፤ መናገርም ጀመሩ። አስተርጓሚው እንደ ደንቡ ድምፁን ሞቅ አድርጎ ተከተላቸው።

«ክቡራን፣ ደስ የሚል ዜና ልነግራችሁ ነው» አለ። «ድልድዩ ትናንት በቦምብ ፈርሷል። ከእንግዲህ የሚሻገር ሰው ስለማይኖር፣ ፊርማው ቀርቶ አጀንዳውን ዘግቻለሁ።»