ስድሳ ሦስት «ከሆነ»

ቢልዱ፣ የፕሮግራሙ ግንባታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሸፈ። ኢማን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አደረገችና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቀይ መልእክት አነበበች። ፕለጊኑን ያዘጋጀችው ለአዲሱ የኮድ መጻፊያ ነው፤ ይህ ቢሮ ግን ገና የሚሠራው ከሦስት ዓመት በፊት በወጣው ነው። ምን ይደረግ? እዚህ ቤት ከእሷና ከአየር ማቀዝቀዣው በቀር ሥራውን የሚያውቅ የለም። የቨርዥኑን ቁጥር ዝቅ አደረገችና እንደገና ለቀቀችው።

ፕለጊኑ፣ ኮድ መጻፊያው ላይ የሚሰካው ትንሽ ፕሮግራም፣ የእጇ ሥራ ነው። ኮድ ውስጥ ገብቶ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚሉትን ትእዛዞች ይቆጥራል። አንድ ቦታ ላይ ከአሥር ከበለጡ ጠርዙ ላይ ቀይ ክብ ይበራል፤ ካልበለጡ አረንጓዴ። የድርጅቱ ባለቤት ሙሴ ረምዚ ቃል ገብቶላታል። ሐሙስ ቀትር ላይ ኮዱን አረንጓዴ አድርጋ ካሳየችው የመኪና ግቢው ፕሮግራም ኃላፊ እሷ ትሆናለች፤ ሃያ ዓመት የያዙት ጋሽ ዓብዱልጀሊል ቤታቸው ይቀመጣሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አራተኛው ሙከራ አለፈ። ኮድ መጻፊያውን ዘግታ ከፈተችው። ክቦቹ አንድ በአንድ በሩ፤ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ከዚያ ከኢትዮጵያ ወደዚህ ወደብ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ከተማ መግቢያው በር ላይ ሲደርሱ ማን ቀድሞ እንደሚገባና ማን እንደሚጠብቅ የሚወስነው ቦታ ላይ ደረሰ። ቀይ።

«ስድሳ ሦስት!» አለች፣ ቢሮው ሁሉ እንዲሰማ። «ጋሽ ዓብዱልጀሊል፣ ይሄ ኮድ ነው ወይስ የእድር ደንብ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «በሩ የጠየቀኝን ነው የጻፍኩት፣ ልጄ።»

በሩ! ኢማን አፍንጫዋን ነፋች። ጠዋቱን ሙሉ ስትከረክመው አረፈደች። አርብ ከሆነ፣ ረመዳን ከሆነ፣ የተጫነው ከብት ከሆነና ሙቀቱ ከአርባ ካለፈ፣ ሾፌሩ ከታመመ። ሰውየው የድርጅቱን ሥራ አይደለም፣ የመንደሩን ሐሜት ነው የጻፉት። የተደጋገመውን አንድ ላይ አደረገች፤ የተመሳሰለውን ወደ ሌላ ቦታ አወጣች። ሥራው ጥሩ ነበር፣ ይህን ማንም አይክደውም። አምስት ሰዓት ላይ ቁጥሩ አሥራ አንድ ደረሰ።

አንድ ብቻ ቀረ። ጭነቱ ጫት ከሆነ አይመዘን፣ አይሰለፍ፣ በሩ ይከፈት።

ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቷ። ድሬዳዋ ያሉት ወንድሞቿ ከምሳ በኋላ ለምንም የማይገኙት፣ ይህ ከተማ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፍራሽ ላይ የሚጋደመው ለዚህ ነው። ሲሚንቶ ይሰለፋል፣ መድኃኒት ይሰለፋል፣ ቅጠል ያልፋል! አጠፋችው። ክቡ አረንጓዴ ሆነ።

«ምኑን ቆረጥሽው?» አሉ ጋሽ ዓብዱልጀሊል።

«ቆሻሻውን።»

«በሙከራ አታቆዪውም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ወደ በሩ ማሽን ላከችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሙሴ ረምዚ መጣ። «ማሻአላህ! አረንጓዴ!» አለ። ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግድግዳ ቀብታ ብታሳየውም እንዲሁ ይደሰት ነበር። «እንግዲህ ጋሼ፣ የይለፍ ቃሉን ለኢማን ይስጧት።» ሽማግሌው ጻፉላት። ከዚያ የሻይ ብርጭቆአቸውን፣ ሰጋጃቸውንና አንድ የተቦጨቀ ደብተር በፌስታል ይሰበስቡ ጀመር። ኢማን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ሰባት ሰዓት ሆነ። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ከታች ከመንገዱ የጫት መኪኖቹ ጥሩምባ ይሰማል፤ ዛሬ ግን ጸጥ አለ። ሙሴ ረምዚ ሰዓቱን አየ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ። ዘበኛው አስፋልቱ መሀል ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሩቅ ያያል። ሃያ ደቂቃ ሲሆን የቢሮው ስልኮች ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ።

ባለቤቱ ሁለቱን አነሳ። አንዱን ደዋይ በሶማሊኛ፣ ሌላውን በፈረንሳይኛ ለመናቸው። ሲዘጋ ላብ አጥምቆታል። «የጫት መኪኖቹ ከሲሚንቶ ኋላ ተሰልፈዋል። አርባኛ ናችሁ ብሏቸዋል ማሽኑ። አንቺ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«እንደ ሰው ተራቸውን ይጠብቁ!» አለች ኢማን። ድምፅዋ ግን ቀጥኖባት ነበር።

ሙሴ ረምዚ አልተሳደበም። ከእግር እስከ ራሷ ገረመማትና ፊቱን አዞረ፤ ስድብ ይሻላት ነበር።

ጋሽ ዓብዱልጀሊል ፌስታላቸውን ወለሉ ላይ አኖሩ። «ተነሺልኝ እስቲ።»

«እርስዎም ሊቅሙ ነው የቸኮሉት?» አለች፣ ወንበሩን እየለቀቀች።

«እኔ አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ ኢማን» አሉ መነጽራቸውን እያወረዱ። «ከተማው ግን ይቅማል።» በሁለት ጣታቸው ቀስ ብለው መስመሩን መልሰው ጻፉት፤ ላኩት። ክቡ ቀላ።

ማንም አላየውም። ሠራተኛው ሁሉ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። ብዙ ቆይቶ ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ ወዲህ፣ አንድ ጥሩምባ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ከተማው በሙሉ ጮኸ። «ጋሼ፣ ሰጋጃዎን ወደ ቦታው ይመልሱ» አለ ሙሴ ረምዚ፣ ሳይዞር።

ኢማን ስክሪኑ ፊት ብቻዋን ቆማለች። ቀይ ክብ፣ አሥራ አንድ። ቆጠራው ትክክል ነበር።