ያልተጻፉት አምስት ቀናት

«ካለፈው ወዲህ ስንት ጊዜ ጣላት፣ እማማ?» አለች ከጤና ጣቢያ ቤታቸው ድረስ የመጣችው ነርስ። አያትየዋ አቀረቀረች። የልጅ ልጇ ግን ፈገግ ብላ ደብተሩን ለነርሷ አቀበለቻት። ልጅቷ የሚጥል በሽታዋ ሲነሳባት የሆነውን ሁሉ ስለማታስታውስ፣ ቀኑን እየጻፉ ማኖር የአያትየዋ አደራ ነበር።

ነርሷ ገጾቹን ብትገልጥ ብትገልጥ አንድም ቀን አልተጻፈም። «እንዲህ ከሆነማ ሐኪሙን ሥራ ሊያስፈቱት ነው» ብላ ሳቀች። «የነርቭ ሐኪም ጤና ጣቢያችን የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ እንግዲህ ተራዋን መድኃኒቱ ላልሠራለት ሰው ልስጠው።» የልጅቷን ስም ከተራ ዝርዝሩ ልትሰርዝ እስክሪብቶዋን ስታነሳ፣ የአያትየዋ እጅ ወረቀቱ ላይ አረፈ። «አትሰርዣት፣ ልጄ። አምስት ጊዜ ጥሏታል» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «ደብተሩን ሰው ቢያይብን መጠቋቆሚያ ትሆናለች፣ የሚያገባትም ታጣለች ብዬ ነው።»

ልጅቷ ግንባሯ ላይ ያለውን እብጠት በጣቷ ነካ አደረገች። «በእንቅልፍ ልብሽ ከአልጋ ወድቀሽ ነው» ያለቻት አያቷ ነበረች። እሷም ከልቧ አምናት፣ የልብስ ስፌት ቤቱን ባለቤት «ድኛለሁ፣ የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጪኝ» ብላ ለምናት ነበር። ደብተሩን ከነርሷ ተቀበለች። ባዶውን ገጽ እንደተገለጠ አያቷ ጭን ላይ አኖረችው፤ እስክሪብቶም አስቀመጠችበት። ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ ከቤት ወጣች።