ከአዘዞ ሜዳ ሳያርፍ የተመለሰው አብራሪ

«በሩን ዝጊው! እዚህ ቤት የሚገባ ልጅ የለኝም!»

እንዲህ ብለው የጮኹት አያ አላምረው ናቸው...

ልጃቸው የሻው ደጅ ላይ ቆሟል። ከጎንደር በጭነት ማኪና መጥቶ አሁን መውረዱ ነው፤ አቧራውን እንኳ አላራገፈም።

እናቱ ወይዘሮ ወለላ መሃል ገብተው ያለቅሳሉ።

«ምነው አንቱ! ሰርጉ እኮ ደረሰ! ልጄ ያላባቱ ምርቃት ሊያገባ ነው?»

«ፈሪ አልመርቅም!»

ወይ ጉድ... ነገሩ እንዲህ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ በንጉሡ ዘመን። የሻው ተምሮ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ። አስቡት እስቲ... የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ፣ ሰማይ ላይ!

አንድ ቀን «ወደ ጎንደር የሚመጣውን አውሮፕላን የማበርረው እኔ ነኝ» ብሎ ላከባቸው።

አያ አላምረው በደስታ እንቅልፍ አጡ። ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ዘመድ አዝማድ አስከትለው በበቅሎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ወረዱ። በዚያ አገር የከበረ እንግዳን ቤት ቁጭ ብለው አይጠብቁትም፤ መንገድ ወጥተው ነው የሚቀበሉት። እንኳን አገር ያኮራ ልጅ!

ጠዋቱ ጉም ነበር። ሜዳው፣ ዛፉ፣ ሰዉ... ሁሉም ነጭ ለብሶ ዝም ብሏል።

ድንገት ከጉሙ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ብቅ አለ።

ወረደ... ወረደ... ከዚያ ጮኸና ቀና አለ! ነፋሱ የአያ አላምረውን ጋቢ ገፎ ጣለው። ጉሙም መልሶ ዋጠው።

ሕልም ይሁን እውን አልገባቸውም። ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ ዋሉ... ለእንግዳው ይዘውት የሄዱት የጠጅ ገንቦ ሳይከፈት ተመለሰ።

ሰንበትበት ብሎ ጋዜጣ መጣ።

እሁድ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ጠላውን ይዞ እንደተቀመጠ፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«አብራሪው የጎንደርን ተራራ ባየ ጊዜ ልቡ ከዳው። አውሮፕላኑን አየር ላይ አቁሞ ጥቂት ካመነታ በኋላ ወደ መጣበት ሸሸ።»

አየር ላይ አቁሞ! አይ ጋዜጠኛ... አውሮፕላን በቅሎ ነው እንዴ ልጓም ስበው የሚያቆሙት?

ግን የታተመን ነገር ማን ይከራከረዋል? ሰዉ አንገቱን ደፋ። አንዱ ግን ሳቀ።

ያቺ ሳቅ ናት አያ አላምረውን የገደለቻቸው። ዱር ገብተው ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛ ናቸው፤ «ልጅህ ሸሸ» መባል ለእሳቸው ከሞት አይተናነስም። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን በከደኑ ቁጥር ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ከጉሙ ይወጣል... አጠገባቸው ይደርሳል... ጥሏቸው ይሄዳል።

እና ልጁ ደጅ ላይ ቆሟል፤ አባት በሩን ይዘዋል።

ይሄኔ አብራው በማኪናው የመጣች አንዲት ነጋዴ ጩኸቱን ሰምታ ወረደች። ሐረገወይን ትባላለች።

«አባቴ፣ ይህን ልጅ ነው ፈሪ የሚሉት? እኔ እኮ ያን ቀን አውሮፕላኑ ውስጥ ነበርኩ!»

«ይተዉት እትዬ...» አለ የሻው።

«አልተውም! ልናርፍ ምንም አልቀረን። በመስኮት ሳይ አንድ ሽማግሌ ሜዳው መሃል ተገትሯል፤ ጠመንጃውን ወደ ላይ ይዞ... ሽፍታ መሰለኝ! ይህ ልጅ አውሮፕላኑን ባያነሳው ሽማግሌውን ጨፍልቀን እኛም እናልቅ ነበር። ዞረን ስንመጣ ጉሙ ሜዳውን ዘግቶታል፤ ባሕር ዳር ሄደን አረፍን። ያ ጋዜጠኛ ከሩቅ አይቶ ጻፈ እንጂ አንዳችንንም አልጠየቀ!»



አያ አላምረው የበሩን መቃን ደገፍ አሉ።

«ሽማግሌው እኔ ነኝ...» አሉ ቀስ ብለው። «ዳር ቁም ሲሉኝ፣ ልጄን መሃል ወጥቼ ካልተቀበልኩማ ምኑን አባት ሆንኩ አልኩ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አውቀኸኝ ነበር?»

«አውቄዎታለሁ አባቴ።»

«ታዲያ ስምህ ሲጠፋ ምነው ዝም አልህ?»

«ምን ልበል? አባቴ ሰው ሊያስፈጅ ነበር ልበል? የእኔን ስም ሥራዬ ይመልሰዋል። የእርስዎን ማን ይመልሰዋል?»

ያ ዱር ገደል ያልበገረው ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ...

በሚቀጥለው ሰንበቴ አያ አላምረው ከተቀመጡበት ተነሱ። መሪጌታም አሉ፤ የሳቀውም ሰውዬ አለ።

«ስሙኝ! ያ ወረቀት ውሸት ነው። ሜዳው መሃል ተገትሬ ማረፊያ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ ተራራ አልፈራም... ልጄ የፈራው አባቱን መግደል ነው!»

ማንም አልሳቀም። የሻውን ጠርተው፣ በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው መረቁት።

ወዳጆቼ... ጋዜጠኛው አውሮፕላኑ ሲመለስ ማየቱ እውነት ነው፤ ለምን እንደተመለሰ ግን ከራሱ ፈጠረው። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ አባትየው ናቸው። በቦታው ቆመው የነበሩት እሳቸው ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ ልጃቸውን ሳይጠይቁ ወረቀቱን አመኑ! የሰማነውን ከማመናችን በፊት ባለቤቱን ብንጠይቅ ስንት ቤት ይተርፍ ነበር...

እስቲ እናንተ በልጁ ቦታ ብትሆኑ ለአባታችሁ ክብር ስትሉ ዝም ትሉ ነበር? ወይስ እውነቱን ትናገሩ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።